በሽምብራ የቆጠርነው ሰልፍ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ ነው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ታክሲ የምንይዝበት ጥግ ላይ ገና አልነጋም። ቡና የምትሸጠው ጎረቤታችን ከሰሏን ታራግባለች። ከረከቦቷ አጠገብ የቲማቲም ድልህ የነበረባቸው ሁለት ጣሳዎች ተቀምጠዋል። በአንደኛው ሽምብራና ባቄላ አለ። ሚኒባስ ሞልቶ ሲወጣ አንድ ፍሬ ሽምብራ አንስታ ወደ ባዶው ጣሳ ትጥላለች። ሃይገር ወይም ቅጥቅጥ ከሆነ ባቄላ ትጥላለች። ከደንበኛ ጋር እያወራች፣ ስኒ እያጠበች፣ እጇ አይሳሳትም። እኔ ደግሞ ደብተር ይዤ ከሰልፉ መጀመሪያ እስከ ጭራው እየሄድኩ ሰው እቆጥራለሁ። በየ15 ደቂቃው አንዴ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አደረግን። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አልከፈለንም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ሁለት ሳምንትና ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ነገር ነው።

አራብሳ የገባነው በ2010 ነው፣ ከካዛንቺስ ኪራይ ቤት ወጥተን። ዕጣው የደረሰን ቀን እናቴ እልል ብላ ጎረቤት ሰብስባ ነበር። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የአንድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ካዛንቺስ እያለን ታክሲ ከጠፋ ነጠላዬን አጣፍቼ በእግሬ እደርስ ነበር። አራብሳ ግን ታክሲ ከጠፋ ጠፋ ነው፣ ሌላ መላ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን አርፍጄ ገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት ልጄን ሳላያት እየወጣሁ፣ ተኝታ እየደረስኩ መኖር ጀመርኩ።

መንገዴ ይህ ነው። እስከ አያት በታክሲ፣ ከአያት እስከ ሜክሲኮ በባቡር። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር እኔ ገና ካዛንቺስ ነበርኩ። እሑድ ልጄን ይዤ ከስታዲየም ተሳፍሬ ደርሶ መልስ ለሽርሽር ሄጄበታለሁ። ያኔ ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ ከተሞች እንዲህ ያለ ባቡር ብርቅ ነበር። ሰው ኩራት ተሰምቶት ነበር፣ እኔም ተሰምቶኛል፣ አሁንም ይሰማኛል። በኋላ መለዋወጫ ሲቸግር ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። ያ ሌላ ታሪክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሐዲዱ የሚያበቃበት ቦታ ነው። መስመሩ አያት ላይ ያልቃል። ከአያት ወዲያ ደግሞ ከተማው ቀጥሏል። አባዶ፣ አራብሳ፣ በሌላ በኩል ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ። ሺህ በሺህ ቤት ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶበት፣ ልጅ ወልዶበት፣ አውቶቡሱ ከኋላ ነው የሚመጣው።

ሌላም ነገር አለ። ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄደው መንገድ ሐዲዱ መሐል ለመሐል፣ ግራና ቀኙ በአጥር ነው። ከአጥሩ ወዲህ የሚኖሩ እናቶች ወዲያ ማዶ ቤተ ክርስቲያን ለማስቀደስ ወይም ገበያ ለመሄድ፣ ማቋረጫ እስኪያገኙ ዙሪያውን ይሄዳሉ። አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው አጥሩ ሥር አረፍ ብለው ሲተነፍሱ አይቻለሁ። መሐንዲሱ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ማዶ ለማዶ ቡና የሚጠራራ ሰፈር መሆኑን የሚያውቁት እዚያ የሚኖሩት ብቻ ናቸው። እነሱ ከጠዋቱ ቢጠየቁ ኖሮ ማቋረጫው የት የት መሆን እንዳለበት በጣታቸው ያሳዩ ነበር።

ወደ ሽምብራው ልመለስ።

ነገሩ የተጀመረው እድር ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት፣ ወርኃዊ መዋጮ ከተከፈለ በኋላ፣ አንዲት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ተነሥታ ተናገረች። ሥራዋ የሚጀምረው 12 ሰዓት ተኩል ነው። ለመድረስ 10 ሰዓት ተኩል ከቤት ትወጣለች። በዚያ ሳምንት በጨለማ ስትሄድ ቦርሳዋን ቀምተዋት ነበር። ቦርሳውን ውሰዱ፣ ነፍሴን ተውልኝ ብዬ ለመንኩ አለች። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ማውራት ጀመረ። ጥበቃው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የማታ ተማሪው።

ኮሚቴ ተመረጠ። አምስት ሰው። እኔም ገባሁበት። ማመልከቻ ጽፈን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን። የተቀበሉን ሰው በትሕትና አነጋገሩን። አካባቢው በዕቅድ ተይዟል፣ ለጊዜው የአውቶቡስ እጥረት አለ፣ ለአራብሳ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተመደበ አለ አሉን። ሁለተኛ ጊዜ ሄድን። ያው። ስንወጣ የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሼ ደረጃው ላይ ቆሙና፣ «ልጆቼ፣ እኛ ተቸገርን እያልን ነው የምንሄደው። ችግር ደግሞ ሁሉም ሰፈር አለ። ቁጥር ይዘን እንምጣ» አሉ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕቃ ቆጥረዋል።

ቡና ሻጯ ጋ ሄድን። ከሁላችን ቀድማ የምትመጣ፣ ከሁላችን በኋላ የምትነሳ እሷ ናት። ታክሲውን በሙሉ ታያለች። ሽምብራው የእሷ ሐሳብ ነው። «እኔ መጻፍ ላይ ደከም እላለሁ፣ ጣሳ ላይ ከሆነ ግን አልሳሳትም» አለችን።

ቆጠራው ብዙ ነገር አሳየን። የመጀመሪያው፣ ሰልፉ የሚከፋው እኛ እንደመሰለን 1 ሰዓት ላይ አለመሆኑ ነው። የቢሮ ሠራተኛ የሚወጣበት ሰዓት ስለሆነ ሁሉም 1 ሰዓትን ያስባል። ጣሳው ግን ሌላ ነው የተናገረው። ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ታክሲው ጥቂት፣ ሰው ግን ጎርፍ ነው። አንድ ማክሰኞ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ ሽምብራና አንድ ባቄላ ብቻ ነበር የወደቀው። ሰልፉ ላይ ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ ምናምን ሰው ቆጥሬ ነበር። ያ ሕዝብ ከተማውን ከፍቶ የሚያነቃው ነው። ሆስፒታል የሚያጸዳው፣ ዳቦ የሚያወጣው፣ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ የሚያቦካው።

ሁለተኛው ነገር ሰልፍ ላይ የሌሉት ናቸው። በሦስተኛው ቀን ነው ያስተዋልኩት። ሰልፉን አይተው ትንሽ ቆመው፣ ሰዓታቸውን አይተው፣ በእግራቸው ወደ አያት የሚሄዱ አሉ። አብዛኞቹ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የታክሲ ሒሳብ የሚቆጥቡ። እነሱ በየትኛውም የተሳፋሪ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ስላልተሳፈሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአንድ ጎረቤቴ ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ መታጠፊያው ላይ ቆሞ በእግር የሚሄደውን ብቻ መቁጠር ጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር እንደሆነ ሰምቼ አውቅ ነበር። መታጠፊያው ላይ ቆሜ ሳየው ግን ሌላ ነው። ጨለማ ውስጥ የስልክ መብራት ተራ በተራ ይሄዳል።

ሦስተኛው ረፋድ ላይ ነው። 4 ሰዓት ገደማ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ለክትባትና ለክትትል ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት ታክሲው ሁሉ ከተማ ውስጥ ነው፣ ወደ እኛ ማንም አይመለስም። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ሥራ ላይ ስለምሆን። ቡና ሻጯ ናት የነገረችን።

ከዚያ የታክሲ ሾፌሮችን ጠራን። ኮሚቴው ውስጥ ክርክር ነበር። አንዳንዱ እነሱ ናቸው ችግሩ አለ። መንገድ የሚቆርጡ፣ አያት ድረስ የሚል ታፔላ እያላቸው ግማሽ መንገድ ላይ ውረዱ የሚሉ፣ ሲመሽ ታሪፍ የሚጨምሩ። እውነት ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ተናድጄባቸዋለሁ። ግን ጋሼ ይጠሩ አሉ፣ ተጠሩ። እሑድ ከሰዓት እድሩ ድንኳን ውስጥ ስድስት ሾፌሮች፣ ሦስት ረዳቶችና ሁለት ተራ አስከባሪዎች መጡ። ሻይና ዳቦ ቀረበ።

አንዱ ሾፌር፣ ጎልማሳ ነው፣ እንዲህ አለ። «እናቴ፣ መኪናው የእኔ አይደለም። ማታ ለባለቤቱ ገቢ አስገባለሁ። ያልሞላ እንደሆነ ከኪሴ ነው። ጠዋት ከእናንተ ጋር ሞልቼ ወጣሁ እንበል። ስመለስ ማን ይሳፈራል? ባዶዬን ነው የምመጣው። ነዳጅ ደግሞ ሌሊት ተሰልፌ ነው የቀዳሁት።» ዝም አልን። ሰውዬው ልክ ነው። ጠዋት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድበት ሰፈር ለሚኒባስ ኪሳራ ነው። አንድ ሰፈር የሚተኛበት፣ ሌላ ሰፈር የሚሠራበት ከተማ ስንሠራ ሒሳቡ እንደዚህ ይመጣል። ለዚህ ነው ትልቅ አውቶቡስ የሚያስፈልገው። አውቶቡስ ባዶውን ቢመለስም ሒሳቡን የሚችል ሕዝብ ነው፣ መንግሥት ነው።

ተራ አስከባሪው ደግሞ ጥሩ ነገር ተናገረ። ሰልፉ በአንድ መስመር ስለሆነ አያት የሚወርደውና መገናኛ የሚሄደው ይቀላቀላል፣ ሾፌሩም መርጦ ይጭናል አለ። በሁለት ይከፈል ተባለ። በማግሥቱ በሁለት ተከፈለ። ገንዘብ አልጠየቀም፣ ደብዳቤ አልጠየቀም።

ፌርማታው የት ይሁን በሚለው ላይ ግን ተጨቃጨቅን። የድሮው ቦታ ከቦይ አጠገብ ነው፣ መብራት የለውም። ሴቶቹ በሙሉ ወደ መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ይዛወር አሉ። መድኃኒት ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ በረንዳው ላይ መብራት ያበራል። ባለ ሱቆቹ ደንበኛ ይሸሸናል ብለው አልወደዱም። ሁለት እሑድ ፈጀ። በመጨረሻ አንድ በክራንች የሚሄድ ወንድማችን ተነሣና፣ ኑ ላሳያችሁ ብሎ ሁላችንንም ወደ ድሮው ቦታ ወሰደን። አንድ ቅጥቅጥ ቆሞ ነበር። ክራንቹን መሬት ላይ ተከለና የመኪናውን የመጀመሪያ ደረጃ በእጁ ነካ። ደረጃው ከጉልበቱ በላይ ነው። «እናንተ ትዘላላችሁ። እኔ ሁለት ሰው ብብቴን ይዞ ካላነሳኝ አልገባም። እዚህ ደግሞ መሬቱ ወደ ቦዩ ያዘቀዝቃል» አለ። ከዚያ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድን። መሬቱ ደልዳላ ነው። ጠርዙን ትንሽ ከፍ ብናደርገው ደረጃው ይደርሳል። ክርክሩ እዚያው አለቀ። በሳምንቱ ሰፈራችን ውስጥ ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ልጆች እሑዳቸውን ሰጡን። ከሌላ ሥራ የተረፈ ድንጋይ ነበር። ጠርዙን ከፍ አድርገው አነጠፉት። ሦስት ሜትር ብትሆን ነው። ያ ወንድማችን አሁን በአንድ እጁ የበሩን ብረት ይዞ ብቻውን ይገባል።

ሦስተኛ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ስንሄድ ደብተሩን፣ የሁለት ሳምንቱን ሰንጠረዥና በእጅ የተሳለ ካርታ ይዘን ነበር። ሠንጠረዡን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ደስ እያለኝ። አንድ ወጣት ባለሙያ ተቀበለን። ገጹን እየገለጠ፣ ይህ ምንድነው፣ ይህስ እያለ ጠየቀ። «ሽ» ሚኒባስ፣ «ባ» ትልቅ መኪና፣ «እ» በእግር የሄደ። ልጁ ለረጅም ጊዜ «እ» የሚለው ዓምድ ላይ ቆየ። ከዚያ፣ ነገ ልምጣ አለን።

እውነት ለመናገር አላመንኩትም። ግን በማግሥቱ 11 ሰዓት ላይ መጣ። የኅዳር ውርጭ ነበር፣ የለበሰው ስስ ጃኬት ነው። ቡና ሻጯ ሁለት ስኒ ሰጥታው ሒሳብ አልቀበልም አለች። እስከ 1 ሰዓት ቆመ። በማግሥቱም ደገመ። ለቀጠሮ ስንሄድ የነገረንን አልረሳውም። ቢሮ ውስጥ ያለው መረጃ ስንት ሰው እንደተሳፈረ ነው የሚናገረው፣ ስንት ሰው እንደቀረ አይናገርም አለ። ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

ከጥር ጀምሮ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ፣ 12 ሰዓት ላይ አንድ አውቶቡስ ይነሳል። የ1 ሰዓቱም አለ። የረፋዱ ገና ነው። የማታው ደግሞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ለማታ ተማሪዎችና ለምግብ ቤት ሠራተኞች የጠየቅነው፣ ለአንድ ወር መጥቶ ቀረ። አልተውነውም። በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን ይዘን እንሄዳለን።

ይህ የእኛ ሰፈር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ናይሮቢ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ማታቱ በሚባሉት የከተማው ሚኒባሶች እየተሳፈሩ የእያንዳንዱን መስመር መንገድና ፌርማታ መዝግበው ነበር። ከዚያ በፊት የማታቱ መስመሮች ሙሉ ካርታ አልነበረም። በፈረንጆቹ 2014 ከ130 የሚበልጡ መስመሮች በአንድ ካርታ ላይ ወጡ፣ የከተማው ሰዎችም ተቀበሉት። እኛ ዘንድም መስመሮቹ በሰው ራስ ውስጥ ናቸው ያሉት። በረዳቱ፣ በተራ አስከባሪው፣ በተሳፋሪው ራስ ውስጥ። ከዊንጌት እስከ ጀሞ ስለሚዘረጋው የፈጣን አውቶቡስ መስመር ለዓመታት ሲወራ ሰምተናል። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ጀሞ ያሉ እናቶች የት እንደሚቆሙ፣ ሲመሽ የትኛውን ጥግ እንደሚፈሩ ቢጠየቁ ምኞቴ ነው። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፣ አውቶቡስ ከመንገድ ወጣ ብሎ የሚቆምበት ቦታ በብዙ ቦታ ተሠርቷል። ደስ ይለኛል። ያው ጥያቄ ግን እዚያም አለ። ፌርማታው ለማን ይቀርባል?

የካዛንቺስ የድሮ ጎረቤቶቼ በ2017 ሲነሱ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ። አንዷ፣ አብረን ስንት ዓመት ቡና የጠጣን፣ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውኃም አለ፣ ግን ልጆቹና ሥራው ከተማ ቀርተዋል አለችኝ። ጠዋት ሰልፉን ነገረችኝ። ድምፅዋ ውስጥ የ2010ን ራሴን ሰማሁት። «እህቴ፣ እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?» አለችኝ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከመርካቶ ሁለት ባለ 100 ገጽ ደብተር ገዝቻለሁ። ትናንት ማታ ልጄ በማስመሪያ ዓምዶቹን አሰመረችልኝ። ሰዓት፣ ሽ፣ ባ፣ እ። ቡና ሻጯ ደግሞ ዛሬ ጠዋት አንድ ጣሳ አጥባ ሰጠችኝ። ውስጡ በፌስታል የተቋጠረ ሽምብራ አለ።